የአያትሽን ጠገራ ብር በሎሚ አታሺው

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ለእናቴ አንድ ሙዳይ ተዉላት፤ እናቴ ደግሞ ለእኔ ሰጠችኝ። ውስጡ 16 ጠገራ ብር፣ ሁለት የምኒልክ ብር፣ አምስት የጃንሆይ 50 ሳንቲም እና ጥቂት ሺሊንግ አለ። ከጠገራዎቹ አንዱ ተበስቶ ክር ገብቶበታል። ሁሉም ጠቁረዋል።

ታናሽ ወንድሜ 1780 የሚለውን ካየ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ‹ኢንተርኔት ላይ በሚሊዮን ይሸጣል፣ አሜሪካ ላለው ለአጎታችን ልጅ በሰው እንላክለት› ይላል። አንድ ብር ሠሪ ደግሞ ‹ቀልጦ ጌጥ ከመሆን አያልፍም› ብሎ ትንሽ ዋጋ ጠራልኝ። ባለቤቴ ሌላ ሐሳብ አለው። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰናል። ለሱቃችን ፍሪጅ ልንገዛበት ነበር። አሁን ግን ‹ገንዘቡ በየቀኑ ይረክሳል፤ ሁሉንም ጠገራ እንግዛበትና ለልጆች እናስቀምጥ› ይላል። ጎረቤቴ በሎሚና በአመድ ካሸሻቸው ዋጋቸው ይጨምራል አለችኝ። ቅዳሜ ላጸዳቸው አስቤያለሁ። ምን ይሉኛል?»

መልስ

እህቴ፣ ሎሚውን ለዓሣው አስቀምጪው። አመዱንም ተዪው። ቅዳሜ ምንም እንዳታጸጂ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ ይኼ ግን አንዴ ከተደረገ አይመለስም።

ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚይዘው ስስ ሽፋን ነው። የማገዶ ጭስ ያመጣዋል፣ ሱፍ ያመጣዋል፣ ገንዘብ የምናስርበት ላስቲክም ያመጣዋል። የሐይቁ ዳር እርጥበት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይህን ጥቁረት አይጠሉትም። እንዲያውም ማንም እንዳልነካካው ስለሚመሰክር ይፈልጉታል። አመድ ግን ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ ይፍቃል። ሎሚ አሲድ ነው፤ ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ ይበላል። አሽተሽ ስትጨርሺ ሳንቲሙ ያብለጨልጫል፣ ጎረቤትሽም «አየሽ!» ትልሻለች። መስኮት አጠገብ ወስደሽ ዘንበል አድርገሽ ብታይው ግን ፊቱ ሁሉ እንደ ጸጉር በቀጠነ ጭረት ተሞልቷል። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ለተራ ጠገራ ጉዳቱ መጠነኛ ሊሆን ይችላል። ለምኒልክ ብር ግን ከባድ ነው።

ስትይዣቸው በጠርዛቸው ያዢ። እያንዳንዱን ለብቻው በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለሽ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጪ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጣይበት፤ በተለይ ክረምት ላይ። ለስላሳ የፕላስቲክ አልበም አትጠቀሚ። ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል። ጋዜጣም አይሆንም።

አሁን ወደ 1780 እንምጣ፤ የወንድምሽን እንቅልፍ የነሳው እሱ ነውና።

ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ሴትዮዋ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች። የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከሞተች በኋላ ግን ሳንቲሙ መመታቱን አላቆመም፤ ዓመቱም አልተቀየረም። ለምን ቢባል ነጋዴው ሌላ አልቀበልም አለ። ከቀይ ባሕር ማዶም ሆነ በእኛ አገር ሰው ያቺኑ ሻሽ የለበሰች ሴት፣ ያንኑ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ያንኑ 1780 ካላየ ዕቃውን አይለቅም ነበር። ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ፈዘዝ ካለበት «ይኼ አይሆንም» ብሎ የሚመልስም ነበር። ስለዚህ የመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እየደገመ መታ።

የመታው ደግሞ ብዙ ነው። እንግሊዞች ጄኔራል ናፒየርን ወደ መቅደላ ሲልኩት፣ ለበቅሎውም ለእህሉም የሚከፍሉት ከቪየና ባስመጡት ጠገራ ነበር። በፈረንጆቹ 1935 ሙሶሊኒ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። የቀሩት አገሮች ደግሞ ገበያው ሊያመልጠን ነው ብለው ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ላይ መቱ። ቦምቤይም ተመትቷል። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ትመታለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደተመታ ይገመታል። እያንዳንዱ ላይ 1780 ይላል።

ስለዚህ አያትሽ ሙዳይ ውስጥ ያለው 1780 የሚል ጠገራ፣ የመቅደላ ዘመቻ ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጣልያን በገባበት ዘመን የመጣም ሊሆን ይችላል። የትና መቼ እንደተመታ የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። የንስሩን ጭራ ላባ፣ የትከሻ ጌጧን ቅርጽ፣ የጠርዙን ጌጣጌጥ ያያሉ። ከመካከላቸው በእርግጥ ብርቅ የሆኑ አሉ። ግን ከዘጌ ቡናና ጌሾ ሽያጭ የተጠራቀመ 16 ጠገራ ውስጥ ብርቁ ይገኛል ብለሽ ዕቅድ አታውጪ። ተራ ጠገራ ዋጋው በአብዛኛው ውስጡ ያለው ብር ነው።

ወንድምሽ ያየው «ሚሊዮን» ደግሞ ሰው የጠራው ዋጋ ነው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። እኔም ነገ የቤቴን ድመት በሚሊዮን ብዬ ፎቶዋን መለጠፍ እችላለሁ። እነዚሁ የጨረታ ድረ ገጾች በስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ ክፍል አላቸው። እሱን ከፍቶ ይይ። ከዚያ በኋላ እንቅልፉ ይመለሳል።

እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ብር ሠሪ ዘንድ ይዘሽ ሂጂና ሞረድ ያስነካሽ አልልሽም። እንዲያውም ሞረድ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዢው። ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪው ሙከራ አለ፤ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ካለ አብሮሽ ይሥራው፣ ደስ ይለዋል።

የወርቅ ሚዛን ተዋሺ፤ ቢያንስ የግራምን አሥረኛ የሚያነብ፣ መቶኛውን ቢያነብ ይመረጣል። መጀመሪያ ሳንቲሙን ደረቁን መዝኚ። ያልተበላ ጠገራ 28.07 ግራም አካባቢ ነው። ድሮ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የዚሁ የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። ብዙ እጅ የዞረ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል፤ አትደንግጪ። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ እስከ ወገቡ ሞልተሽ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ሳንቲሙን በስፌት ክር እሰሪው። ክሩን በእጅሽ ይዘሽ ሳንቲሙን ውሃው ውስጥ አጥልቂው፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ አሁን አንድ ቁጥር ያሳያል። ለእውነተኛ ጠገራ 2.75 ግራም አካባቢ ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍዪው፤ 10.2 ገደማ ከመጣ ብርሽ ብር ነው። ናስ ወይም ብር መሰል ቅይጥ ከሆነ ከ9 በታች ይወርዳል። እርሳስ ከበዛበት 11 ያልፋል። ሳንቲሙ ቢበላ እንኳ ይህ ቁጥር አይቀየርም፤ ለዚህ ነው የምወደው።

የተበሳውን ስትመዝኚ ክሩን አውጪለት።

ማግኔት የሚሞክሩ አሉ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ከሳበው ሐሰተኛ ነው። ካልሳበው ግን ገና ምንም አላወቅሽም፤ እርሳስም ናስም ማግኔት አይስባቸውም። ጠርዙንም እዪ። እውነተኛው ጠገራ ጠርዙ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ አለው፤ «በፍትሕና በምሕረት» እንደማለት ነው፤ የሴትዮዋ መርሕ ነበር። ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ እዚያ ላይ ይደናበራል። ወይ ፊደሉ ይጠፋል፣ ወይ እንደ ስፌት ያለ መስመር ዙሪያውን ይታያል። በጣትሽ ጫፍ ላይ አስቀምጠሽ በሌላ ሳንቲም ቀስ ብለሽ ብትነኪው ብር ረዘም ያለ ጥሩ ድምፅ አለው። ይህንን ግን የምኒልኩ ላይ አትሞክሪ።

ስለ ምኒልኩ እንነጋገር፤ ሙዳዩ ውስጥ እኔን የሚያጓጓኝ እሱ ነው።

አጼ ምኒልክ ብሩን ያስመቱት ፓሪስ ነው። በአንድ ወገን ዘውድ የደፋ መልካቸው ከ«ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ጋር፣ በሌላው ወገን አንበሳው ከ«ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ጋር አለ። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከጠገራ ጋር እኩል ተደርጓል፣ 28 ግራም ከትንሽ። ንጥረቱም ከጠገራው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ከ1,000 እጅ 835 ንጹሕ ብር ነው፣ ጠገራው 833። አላድ (የብሩ ግማሽ)፣ ሩብና ተሙንም (ስምንተኛው) አብረው ተመትተዋል። እንዲህም ሆኖ ገበሬው ለረጅም ጊዜ የለመዳትን ሴትዮ ይመርጥ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። ጠገራው በየአገሩ ሞልቷል፤ የምኒልኩ ግን ቁጥሩ ውስን ነው። ዋጋውም ከብሩ ክብደት በላይ ይሄዳል፤ ምን ያህል በላይ የሚለውን ጥራቱና ዓመቱ ይወስናሉ።

ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ባለ አንድ ብሩ ላይ የምታገኚው ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ ወይም ፲፰፻፺፭ ነው። የ1887ቱ ባለ አንድ ብር ከሌሎቹ እጅግ ባነሰ ቁጥር ተመትቷል። የ1887ቱ አላድ ወይም ሩብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዳታምታቺው። ደግሞ የምኒልክ ብር አስመስለው የሚያፈሱ አሉ። ለቱሪስት የሚሸጥ ቅጂ አንቺ ሙዳይ ውስጥ ይገኛል ብዬ አልሰጋም፤ ባለቤትሽ አዲስ ልግዛ ካለ ግን የምሰጋው እዚያ ላይ ነው።

የጃንሆይ 50 ሳንቲሞች ጣልያን ከወጣ በኋላ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ የተመቱ ናቸው። ሰባት ግራም ገደማ ይመዝናሉ። መጀመሪያ የተመቱት ከ1,000 እጅ 800 ብር ነበራቸው፤ በኋላ ወደ 700 የወረዱም አሉ። ሁለቱም ያንኑ ፲፱፻፴፮ ስለሚሉ በዓመት አትለዪያቸውም። እያንዳንዳቸው ከአምስት ግራም ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ንጹሕ ብር አላቸው። ከ1969 ወዲህ ያለው 50 ሳንቲም ብር የለውም፤ ሰው «አሮጌ ነው» ብሎ ቢያመጣልሽ እንዳትወስጂ።

ሺሊንጎቹ እንግሊዞች ጣልያንን ሲያስወጡ ይዘዋቸው የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ናቸው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ራስ በአንድ ወገን፣ አንበሳና ተራራ በሌላው ወገን። እነዚህ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ነጭ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ግን ሩባቸው ብቻ ነው ብር። በአንዱ ሺሊንግ ውስጥ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። የአንድ ጠገራን ብር ለማግኘት 12 ሺሊንግ ያስፈልግሻል። ከ1946 በኋላ የፈረንጅ ዓመት የተጻፈባቸው ደግሞ ጭራሽ ብር የላቸውም። ለልጆች መጫወቻ ስጫቸው አልልም፤ ግን ከብሩ ጋር አትቁጠሪያቸው።

ብር ሠሪው የጠራልሽ ዋጋ ትክክል መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? በስልክሽ። የዓለም የብር ዋጋ በአውንስ ይነገራል። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ጠገራው ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ሦስት ሩብ አውንስ በይው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 አባዢ፣ ከዚያ በባንክ የዶላር ምንዛሬ አባዢ። አውንሱ 40 ዶላር ነው እንበል፤ አንዱ ጠገራ 30 ዶላር ይሆናል። 16ቱ 12 አውንስ ናቸው፤ 480 ዶላር። የዛሬውን ዋጋ አንቺ ተኪበት። ብር ሠሪው ከዚህ ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ አትቀየሚው። ሥራ አለው፣ ትርፍ ይፈልጋል። ግማሹን ከጠራልሽ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ወጥተሽ ሂጂ። የምኒልኮቹን ጭራሽ በክብደት እንዳትሸጪ።

ባለቤትሽ የሚለው ከንቱ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ያኔ በወረቀት ያስቀመጠ ሰው ተቃጠለ። ጠገራ የያዘ ሰው ግን ዓለም ላይ የብር ዋጋ ሳይነቃነቅ እንኳ በእኛ ገንዘብ ሲቆጠር ዋጋው ወደ ላይ ሄደለት። አያትሽም ይህን በሌላ ስሌት ያውቁት ነበር። መንግሥት ሲቀየር፣ ወረቀት ሲቀየር ሙዳዩ ውስጥ ያለው አልተቀየረም።

ግን ብር ራሱ ቀልደኛ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1980 ጥር ላይ አውንሱ 50 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መጋቢት ላይ ወደ 11 ዶላር ገደማ ተንከባለለ። በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 እንደገና 50 ሊነካ ተቃረበ፤ 2015 ሲያልቅ 14 እንኳ አልሞላም። 50ን በደንብ አልፎ የሄደው በ2025 ጥቅምት ነው። 1980 ላይ በጫፉ የገዛ ሰው ያንኑ ቁጥር ለማየት 45 ዓመት ጠበቀ፤ በመካከሉ ዶላሩ ራሱ ስንት ረክሷል። ስለዚህ «ብር አይወርድም» የሚልሽን አትመኚ። ሰው ሁሉ ስለ ብር ሲያወራ መግዛት ደግሞ ብዙ ጊዜ በጫፉ መግዛት ነው።

ሌላው የመግዣና የመሸጫ ልዩነት ነው። ዛሬ ከቅዳሜ ገበያ ወይም ጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጠገራ ብትገዢ ከብሩ ዋጋ በላይ ትከፍያለሽ፤ ቱሪስት የሚከፍለውን ነው የሚጠሩልሽ። ነገ ብትሸጪ ከብሩ ዋጋ በታች ትቀበያለሽ። ይህን ክፍተት ለመድፈን ብቻ ብር ስንት ከፍ ማለት እንዳለበት ባለቤትሽ ወረቀት ላይ ያስላው። ልጅ ታሞ በሌሊት ገንዘብ ቢያስፈልጋችሁ ደግሞ ጠገራ ተቀብሎ መድኃኒት የሚሰጥ የለም። የቸኮለ ሻጭ ደግሞ የሚያገኘውን ዋጋ ታውቂዋለሽ።

ፍሪጁን ግዙ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የሌለው ሱቅ ደንበኛው ወደ ማዶው ነው የሚሻገረው። ፍሪጅ በየቀኑ ያስገባል። ጠገራ አይወልድም፤ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ። የሚጠብቀውን ደግሞ አያትሽ ቀድመው ገዝተውላችኋል፤ 12 አውንስ ብር ቤታችሁ አለ። በዕቁብ ብር በላዩ ላይ መከመር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ባለቤትሽ ነገሩን ከወደደው፣ ዓይኑም በርቶ ከሆነ፣ ከሱቁ ትርፍ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ይግዛ። የውሃውን ሙከራ ሻጩ ፊት ለማድረግ ሚዛን ይዞ ይሂድ። ሻጩ «አይቻልም» ካለ መልሱን ሰጥቶታል። እንደዚያ የሚሰበስብ ሰው ዓይኑ እየሠለጠነ ይሄዳል፤ ቢሳሳትም በአንድ ሳንቲም ነው የሚሳሳተው።

የተበሳውን ጠገራ ሰብሳቢ አይፈልገውም፤ ብር ሠሪ በክብደቱ ብቻ ይወስደዋል። እሱን አትሽጪው። ክር ገብቶበት የነበረው አንድ ሰው አንገት ላይ ስለዋለ ነው፤ የማን እንደነበር እናትሽን ጠይቂያት። ክሩን ቀይሪና አንቺ አድርጊው።

በሰው እጅ ወደ አሜሪካ የሚለው ነገር ይቅር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር የሚወጣው በፈቃድ ነው ይላል። «ሳንቲም እኮ ነው» የሚለው ክርክር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አያዋጣም፤ የሚያዘውም ሆነ የሚጠየቀው ምንም የማያውቀው መንገደኛ ነው። ለመላክ ከቆረጣችሁ አስቀድማችሁ እዚያው ባሕር ዳር ያለውን የክልሉን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ፤ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን የሚመራችሁ እሱ ነው። ደግሞም ለተራ ጠገራ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ይባላል? እዚያም ዋጋው ያው በክብደቱ ነው።

ወንድምሽን ሥራ ስጪው። እያንዳንዱን ሳንቲም ፊቱንም ጀርባውንም በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሳ። ደብተር ላይ ተራ ቁጥር፣ ክብደትና የውሃውን ቁጥር ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ እናታችሁ ዘንድ ይቀመጥ። እሷ ለአንቺ መስጠቷን እሱም ሌሎቹም ወንድምና እህቶችሽ ካሉ ያውቁት፤ ዛሬ ያልተነገረ ነገር ነገ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ከሁለቱ የምኒልክ ብር አንዱ ላይ ፲፰፻፹፯ የሚል ካገኛችሁ ለማንም አታሳዩ፤ የሁለቱን ወገን ፎቶ ይዘሽ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊልኝ።